የሌላው ሰው ተራ

በኦገስት 1895 (በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በእንግሊዝ ደቡባዊ ጠረፍ፣ ሄስቲንግስ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ፣ ኩርት ፎን ባርደለበን የተባለ ጀርመናዊ ከቼዝ ሰሌዳው ፊት ተነሣ። «ተሸንፌአለሁ» አላለም። የተጋጣሚውን እጅ አልጨበጠም። ዝም ብሎ ከአዳራሹ ወጣ፤ ወደ ጨዋታውም አልተመለሰም። ትቶት የሄደው ሰሌዳውን፣ ጠጠሮቹንና የእርሱን ጊዜ እየቆጠረ የሚሄደውን ሰዓት ነበር።

ተጋጣሚው ቪልሄልም ሽታይኒትስ ነበር፤ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮን። ማዕረጉን ከአንድ ዓመት በፊት ለወጣቱ ላስከር አስረክቦ፣ ወደ ስድሳ የተጠጋ ዕድሜውን ይዞ የመጣ ሰው ነው። በዚያ ቀን የሽታይኒትስ ሩክ እስከ ጥቁሩ ንጉሥ ደጃፍ ዘልቃ፣ የሚደግፋት ሳይኖር፣ «ብሉኝ» ብላ ቆማለች። ንጉሡ ቢበላት ይጠፋል፤ ንግሥቲቱ ብትበላትም ይጠፋል። ንጉሡ ቢሸሽ ደግሞ እየተከተለች በየእርምጃው «ቼክ» ትለዋለች። ባርደለበን ይህን አየና ወጣ። ሽታይኒትስ ከዚያ ቦታ በአሥር እርምጃ የሚደርሰውን ማብቂያ ለከበበው ሰው በሰሌዳው ላይ አሳየ። ጨዋታው በዚያ ውድድር የውበት ሽልማት ተሰጠው።

ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሡት የሰውየውን ነውር ነው። እኔን ለዓመታት ሲከነክነኝ የኖረው ግን ሰዓቱ ነው። የባርደለበን አፍ ማውጣት ያቃተውን ቃል ሰዓቱ ቆጥሮ ቆጥሮ ተናገረለት። ነገሩ ከአርባ ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ እንዲህ አድርጎ መሄድ አይቻልም ነበር፤ የሚቆጥር አልነበረምና።

በ1851 ለንደን ታላቁን ኤግዚቢሽን ስታስተናግድ ሃዋርድ ስታውንተን የተባለ የቼዝ ተጫዋች የአውሮፓን ስመ ጥር ተጫዋቾች በከተማዋ ሰበሰበ። አሥራ ስድስት ሰዎች፣ የተሸነፈ የሚወጣበት ውድድር። ዛሬ ዓለም አቀፍ የቼዝ ውድድር የምንለው ነገር የተወለደው እዚያ ነው። ያሸነፈው አዶልፍ አንደርሰን ነበር፤ በብሬስላው፣ በዛሬዋ ቭሮጽላቭ፣ ሒሳብ የሚያስተምር ጸጥተኛ ሰው። በዚያው በጋ፣ ከውድድሩ ውጪ፣ ለመዝናናት ብሎ ኪዘሪትስኪ ከተባለ ተጫዋች ጋር በተጫወተው ጨዋታ አንድ ቢሾፕ፣ ሁለት ሩክና ንግሥቲቱን ሰጥቶ በቀሩት ትናንሽ ጠጠሮች ንጉሡን ያዘ። የቼዝ ዓለም ያንን ጨዋታ «ዘለዓለማዊው» ብሎ ጠራው። ነጥብ ያልተያዘበት፣ ሽልማት ያልተቆረጠለት ጨዋታ ከውድድሩ ጨዋታዎች ሁሉ በላይ መታወሱ ደስ ይለኛል።

ውድድሩ ግን አንድ ሕመም ይዞ ተወለደ። ለማሰብ የተወሰነ ጊዜ አልነበረም። ኤላይጃ ዊልያምስ የተባለ እንግሊዛዊ አንዲት ወታደር ለማንቀሳቀስ ተጋጣሚውን እስኪያሰለች ድረስ ይቀመጥ ነበር። ስታውንተን ሦስተኛውን ቦታ በእርሱ ከተነጠቀ በኋላ በምሬት ጻፈበት። የተሸናፊ ስሞታ ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። እኔ ግን ስታውንተን ራሱም በቅጡ ያልሰየመውን አንድ እውነት ነክቷል ባይ ነኝ።

አስቦ መራመድ ጥፋት አይደለም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እየተባልን ነው ያደግነው። ነገር ግን ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ሲቀመጡ አንዱ የሚያስብበት ሰዓት የእርሱ ብቻ አይደለም። ዊልያምስ ያሰበባቸው ሰዓታት ሁሉ ከስታውንተንም ዕድሜ ላይ ተቀንሰዋል። የአንዱ ማሰብ የሌላው መጠበቅ ነው፤ ሁለቱም ከአንድ ማድጋ ይጠጣሉ። የውድድር ቼዝ የመቶ ሰባ ዓመት ታሪክ ለእኔ ይህን ማድጋ ለሁለት የመክፈል ሙከራ ነው። አከፋፈሉም እስከ ዛሬ አላለቀም።

በአማርኛ ለዚህ ነገር ያለን ቃል ሀብታም ነው፦ ተራ። ተራ ማለት ወረፋ ነው፤ ተራ ማለት ቦታም ነው፤ ሸማ ተራ፣ አውቶብስ ተራ እንላለን። ተራ ማለት ደግሞ ማዕረግ የሌለው፣ እንደማንም የሆነ ሰው ነው። ሦስቱ ፍቺዎች ከየት ከየት እንደመጡ ለቋንቋ ሊቃውንት ልተወው፤ በአንድ ቃል ውስጥ አብረው ማደራቸው ግን ያሳስበኛል። ተራውን የሚጠብቅ ሰው ለዚያች ጊዜ ተራ ሰው ይሆናል። ሻምፒዮንም ቢሆን፣ ሌላው በሚያስብበት ጊዜ እጁን ሰብስቦ ከመቀመጥ በቀር ሥልጣን የለውም። አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲ የተጠባበቀ ሰው ሁሉ ተራ አስከባሪን ያውቃል። የቼዝ ሰዓትም ተራ አስከባሪ ነው፤ እስኪፈጠር ግን ብዙ ተለፋ።

በመጀመሪያ አሸዋ ተሞከረ። በ1861 አንደርሰንና ኮሊሽ የተባለ ተጫዋች ሲገጥሙ እያንዳንዳቸው የአሸዋ ሰዓት ነበራቸው፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሃያ አራት እርምጃ። ከዚያ በ1883፣ እንደገና በለንደን፣ የማንቸስተሩ ቶማስ ብራይት ዊልሰን ያበጀው ሰዓት ቀረበ፦ ሁለት ሰዓቶች በአንድ ዘንግ ላይ እንደ ሚዛን ተቀምጠው አንዱ ሲሄድ ሌላው ይቆማል። ያንን ውድድር ዙከርቶርት የተባለ ተጫዋች ከሃያ ስድስት ጨዋታ ሃያ ሁለት ነጥብ አግኝቶ፣ ሽታይኒትስን በሦስት ነጥብ ቀድሞ አሸነፈ። እኔ ግን የዚያ በጋ አሸናፊ ያ ዘንግ ይመስለኛል። ከእርሱ በኋላ በቼዝ ውስጥ አንድ እርምጃ የሚያልቀው ጠጠሩ ሲቀመጥ አይደለም፤ እጅ ሰዓቱን ሲጫን ነው። ተራን ማስረከብ ራሱን የቻለ የእጅ ሥራ ሆነ። «አሁን አንተ» ማለት ነው። ከዚያ በፊት ይህን የሚል እጅ አልነበረም።

የተከፈለው ጊዜ ብዙም ሳይቆይ ራሱ ጠጠር ሆነ፤ ሊበላ የሚችል ጠጠር። ሰዓቶቹ ላይ ትንሽ ባንዲራ ተሰቀለች፤ የደቂቃው ቀስት እየገፋ ያነሣትና ሰዓቱ ሲሞላ ትወድቃለች። በዚህች ባንዲራ የተጎዳ ሰው ቢቆጠር ፍሪድሪህ ዜሚሽን የሚያህል የለም። በወጣትነቱ ታላላቆቹን ያሸነፈ፣ ስሙ በመክፈቻ ስልቶች ላይ የተጻፈለት ጀርመናዊ ነው። በ1969፣ ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ፣ ሊንሾፒንግ በምትባል የስዊድን ከተማ አሥራ ሦስት ጨዋታ ተጫወተ፤ አሥራ ሦስቱንም በሰዓት ተሸነፈ። አሥራ ሦስት ጊዜ ተቀመጠ፣ አሰበ፣ ባንዲራዋ ወደቀች። አስቀድሞ ሁለትና ሦስት ጊዜ የደረሰበት ሰው በአራተኛው ቀን መፍጠን አያቅተውም። ዜሚሽ ግን የሚፈልገውን ያህል አሰበ። ይህን ሰው ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ወደ እርሱ ያደላል፤ ትክክለኛዋን እርምጃ ሳያገኝ እጁን ላለማንሣት አሥራ ሦስት ነጥብ ከፍሏልና።

እኔም አንድ ጊዜ በመጠኑ ቀምሼዋለሁ። የቅዳሜና እሑድ ውድድር ነበር፤ ከፊቴ የተቀመጡት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። አንድ ወታደር በልጫለሁ፤ ወታደሯም ለመንገሥ ሁለት እርምጃ ቀርቷታል። እኔ የማየው እርሷን ብቻ ነበር። በዚያ ጊዜ በእንዲህ ያለው ፈጣን ጨዋታ የወደቀውን ባንዲራ ማመልከት የተጋጣሚው ፈንታ ነበር፤ ካላመለከተ ጨዋታው ይቀጥል ነበር። እርሳቸው ግን ቀድመውኝ አይተዋል። ቀና ስል ዓይናቸው ሰሌዳው ላይ ሳይሆን እኔ ላይ ነው።

«ልጄ» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሰዓትህን ተመልከት።»

«ወድቋል እንዴ፣ ጋሼ?»

«ወድቋል።»

«አልቋል» ወይም «አሸንፌሃለሁ» አላሉም። ራሴ እንዳየው ነው ያደረጉኝ። እንዲያም ሆኖ ነጥቡን ወስደዋል፤ መውሰዳቸውም ትክክል ነው። ባንዲራዋ ወድቃ እስከ ተናገሩባት ሴኮንድ ድረስ ያለችው ዝምታ ግን የማን ጊዜ ነበረች? ሰዓቱ አልቆጠራትም። የእኔ አልነበረችም፤ የእኔ አልቋል። የእርሳቸውም አልነበረችም። እስከ ዛሬ የማስባት እርሷን ነው።

ሰዓት ፍትሐዊ ሊሆን ይችላል፤ ማን እንደተቀመጠ ግን አያውቅም። በጁላይ 1972 በአይስላንድ መዲና በሬይክያቪክ፣ በስፓስኪና በፊሸር የዓለም ሻምፒዮና ግጥሚያ ሁለተኛ ጨዋታ፣ ፊሸር ጨዋታውን በሚቀርጹት ካሜራዎች ተቆጥቶ ሳይመጣ ቀረ። ዋና ዳኛው ሎታር ሽሚድ በሰዓቱ የፊሸርን ሰዓት አስነሣ። ሰዓቱ ባዶ ወንበር ፊት አንድ ሰዓት ሙሉ ቆጠረ። ከዚያም ጨዋታው ለስፓስኪ ተሰጠ። ባርደለበን ጥሎት የሄደው ሰዓት ቢያንስ አንድ የሚሸሽ ሰው ነበረው፤ ይህኛው ያልመጣን ሰው ጠበቀ። ተራ ከሰው ተለይቶ ለብቻው ሲሄድ ይህን ይመስላል።

በዚያው ግጥሚያ መጨረሻ ላይ ደግሞ የሞተ ልማድ አለ፤ ከሞቱት ሁሉ እኔን የሚናፍቀኝ። በዚያ ዘመን ጨዋታው በአምስት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ካላለቀ ያድራል። ተራው የሆነው ተጫዋች ቀጣይ እርምጃውን በሰሌዳው ላይ ሳያሳይ በወረቀት ጽፎ በፖስታ ያሽጋል፤ ዳኛው ይይዘዋል፤ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። በሃያ አንደኛው ጨዋታ ስፓስኪ እርምጃውን አሽጎ ሄደ። በማግስቱ፣ በሴፕቴምበር 1፣ በስልክ ደውሎ መሸነፉን አሳወቀ። ፊሸር የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ስፓስኪ በሌለበት አዳራሽ ነው።

ስለዚያ ሌሊት አስቡ። አንድ እርምጃ ተደርጓል፤ ግን ማንም አላየውም። የጻፈው ሰው ሊመልሰው አይችልም፤ የሚጠብቀው ሰው ሊመልስለት አይችልም። ተራው የማን እንደሆነ እንኳን ለመናገር ያስቸግራል፤ በፖስታው ውስጥ ነው ያለው። ሁለቱም ራታቸውን ይበላሉ፣ ከረዳቶቻቸው ጋር በትንሽ ሰሌዳ ላይ እስኪነጋ ይመረምራሉ፣ ጥቂት ይተኛሉ። ቼዝ እንቅልፍ የነበረበት ዘመን ነው። የተጣላ ሰው «ይደር» ብሎ ሲለያይ እንደሚሆነው፣ ሌሊቱ ራሱ አንድ ነገር ይሠራ ነበር፤ ስፓስኪ ሲመሽ ያላመነውን ነገር ሲነጋ አመነው።

ይህን ሌሊት የገደለው ኮምፒውተር ነው። በ1990ዎቹ ማሽኑ ያደረውን ቦታ በጠዋት ፈትቶ የሚያስረክብ ሲሆን ማሳደር ትርጉም አጣ፤ ቀረ። በሜይ 1997 ዲፕ ብሉ የተባለው ኮምፒውተር ካስፓሮቭን በስድስት ጨዋታ ሦስት ተኩል ለሁለት ተኩል አሸነፈ፤ ብዙ ሰው ያን ቀን እንደ ትልቁ መርዶ ይቆጥረዋል። ለእኔ ትልቁ መርዶ የፖስታው ነው። ማሽኑ ከሰው በላይ መጫወቱ የሚያስደንቅ ነገር ነው፤ ከሰው ላይ ሌሊቱን መውሰዱ ግን የሚያሳዝን ነው።

ወሰን የሌለው ጊዜም መልካም አይደለም፤ ይህንም መርሳት አልችልም። ካርፖቭና ካስፓሮቭ በሴፕቴምበር 1984 በሞስኮ የጀመሩት የዓለም ሻምፒዮና ግጥሚያ ስድስት ጊዜ ያሸነፈ የሚወስደው ነበር፤ የጨዋታው ቁጥር አልተገደበም። አምስት ወር ሄዱ። አርባ ስምንት ጨዋታ ተጫወቱ፤ አርባው በአቻ አለቀ። ካርፖቭ አምስት፣ ካስፓሮቭ ሦስት አሸንፈው ሳለ፣ በፌብሩዋሪ 1985 የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ካምፖማኔስ ግጥሚያውን ያለ አሸናፊ አቆመው። የ1851ዱ ማድጋ፣ የዊልያምስ ማድጋ፣ እንደገና ያለ ክዳን ተገኘ።

አከፋፈሉን ከሁሉ በተሻለ ያሰበው፣ የሚገርመው፣ ያ ሳይመጣ የቀረው ሰው ነው። ፊሸር በ1980ዎቹ መጨረሻ አዲስ ዓይነት ሰዓት ፈጥሮ የፈጠራ መብት አወጣበት፤ ተጫዋቹ በተራመደ ቁጥር ሰዓቱ ጥቂት ሴኮንዶች ይጨምርለታል። ዛሬ በአብዛኞቹ ትልልቅ ውድድሮች ያለው ይኸው ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ የተራመደ ሰው የመኖር መብት አለው። ጊዜው ተሟጦ በሴኮንዶች ብቻ የቀረ ተጫዋች ቢያንስ የሚቀጥለውን እርምጃ የሚያስብበት ትንፋሽ አይነፈገውም። በዲሴምበር 2021 በዱባይ ካርልሰንና ኔፖምኒያቺ የዓለም ሻምፒዮና ግጥሚያቸውን ስድስተኛ ጨዋታ መቶ ሠላሳ ስድስት እርምጃ፣ ወደ ስምንት ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ መጫወት የቻሉት በዚህች ጠብታ ነው። በዓለም ሻምፒዮና ታሪክ ከዚያ የረዘመ ጨዋታ የለም። ካርልሰን አሸነፈ፤ ኔፖምኒያቺ በቀሩት ቀናት የቀድሞው ሰው መሆን አልቻለም። አሁን ደግሞ ብዙው ወጣት የሚጫወተው በሦስት ደቂቃ፣ በአንድ ደቂቃ ነው። እዚያ ላይ ብዙ የምለው የለኝም፤ መጠበቅ የሌለበት ጨዋታ ነው።

መጠበቅ የሌለበት ጨዋታ ማለቴ ግን ወደ ቤት ይመልሰኛል።

«ሰንጠረዥ» ዛሬ በአማርኛ መስመርና ዓምድ ያለው የቁጥር ሰሌዳ ነው። የእግር ኳስ ደረጃ በሰንጠረዥ ይወጣል፤ የበጀት ሪፖርት በሰንጠረዥ ይቀርባል። ቃሉ ግን የጨዋታ ስም ነው፤ ከሕንድ በፋርስና በዐረብ አድርጎ የመጣ፣ የቼዝ አያት ስም። በ1862 ለንደን ላይ ሁሉም ከሁሉም የሚጋጠምበት ውድድር ሲጀመር ውጤቱ የሚጻፍበት መስቀለኛ መደብ አስፈለገ፤ የእኛ ቋንቋ ያን መደብ የሚጠራው በጨዋታው በራሱ ስም ነው። ጨዋታውን ረስተን መደቡን ይዘን ቀረን።

ጨዋታው በቤተ መንግሥትና በመኳንንት አዳራሽ ይዘወተር ነበር። በአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። ሰሌዳው ብዙ ጊዜ ቀይ ጨርቅ ነው፤ ሌላ ቀለም ባለው ጥብጣብ ቤቶቹ ተለይተዋል። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ያዩት የውጭ ሰዎች፣ በኋላም በ1971 ታሪኩን ሰብስቦ ያሳተመው ሪቻርድ ፓንክረስት፣ ሁለት ነገር ያስረዳሉ። አንደኛው ድምፁ ነው። የሄስቲንግስ ዓይነት ዝምታ የለም፤ የከበበው ሰው ይመክራል፣ ይጮኻል፣ በጠጠሩ ላይ ጣቱን ይቀስራል። የማሸነፍ ክብሩም እኩል አይደለም፤ በሩክ ንጉሥን መያዝ ብዙ አያስመሰግንም፣ በወታደር መያዝ ግን ያስከብራል። ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይነካም።

ሁለተኛው ወረራ ነው። ሰንጠረዥ ሲጀመር ተራ የለም። ሁለቱም ባንድ ጊዜ፣ እንደ እጃቸው ፍጥነት፣ የፈለጉትን ያህል ይራመዳሉ። ከውጭ ለሚያየው ግርግር ነው። የሚያውቅ ሰው ግን አይቸኩልም ይባላል፤ የእርሱን ጠጠር እያንቀሳቀሰ የሚያየው የሌላውን እጅ ነው፣ ያ አሰላለፉን ሲለውጥ እርሱም ይለውጣል። ይህ የሚቀጥለው አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ነው። የመጀመሪያው ጠጠር ሲነሣ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ በየተራ ነው።

ለንደን ተራን በሕግ ደነገገች፣ ከዚያም በአሸዋ፣ ከዚያም በዘንግ፣ በባንዲራና በሴኮንድ ጠበቀችው። ሕጉ ማንም ሳይነካ በፊት፣ ሰውየው ወንበሩ ላይ ከመቀመጡም በፊት አለ። ሰንጠረዥ ውስጥ ግን ተራ የሚወለደው ከመጀመሪያው ጉዳት ነው። ማንም እስካልተነካ ድረስ ጊዜው የጋራ ነው፤ ማድጋው ሳይከፈል ሁለቱም ይጠጣሉ። አንድ ጠጠር ከጨርቁ ላይ ሲነሣ ግን የተጎዳ አለ፣ የጎዳ አለ፤ ያን ጊዜ የተጎዳው እስኪመልስ ድረስ ሌላው እጁን መያዝ አለበት። ስታውንተን ያማረረበትን ነገር እነዚያ ሰዎች ከሌላ በር ገብተው አይተውት ነበር ብዬ አስባለሁ።

ቀይ ጨርቅ ላይ አራት እጆች ይታዩኛል። ከበው የቆሙት ይጮኻሉ፤ ፈረሶች ይወጣሉ፣ ወታደሮች ይገፋሉ፣ ማንም አይቆጥርም። አንዱ እጅ ይዘረጋና አንዲት ወታደር ያነሣል። ጩኸቱ ይቆማል። ሦስት እጆች ጋቢ ውስጥ ይገባሉ፤ አራተኛው ጨርቁ ላይ ይቆያል፣ ተራው የእርሱ ነውና።